ለአብራሪነት ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጁ



አንዳንዶቻችሁ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአብራሪነት ሥልጠና ልትወዳደሩ እንደሆነ አጫውታችሁኛል። እኔ የተማርኩት ሶሾሎጂ ነው፤ ስለ ሞተር አትጠይቁኝ! ስለ አነጋገር ግን ጥቂት ልበል።

የሸመደዳችሁትን አትድገሙ፤ የገባችሁን አስረዱ። ለምሳሌ ከደሴ የሚበር ሰው ለምን ኮምቦልቻ ይወርዳል? ደሴ ተራራ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች፣ ሜዳማ ናት። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ለጓደኛችሁ አስረዱት። ቢያደናቅፋችሁም አብሽሩ፣ ድገሙት።

ለኛ የሚከብደን ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ካፒቴኑ ሲሳሳት ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?» በታላቅ ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ቆጥረን ነዋ ያደግነው! በ1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ለመነሳት ያኮበኮበው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ፣ ሌላኛው መንገዱን መልቀቁን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ሲመልስለት ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ነው አየር መንገዶች የበታቹ ደፍሮ እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲያዳምጥ አጥብቀው ማሠልጠን የያዙት።

ይህ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይለመድም። ቤት ውስጥ ጀምሩት፦ «አባባ፣ ይቅርታ፣ ይቺ ሒሳብ ተሳስታለች» በሉ። ድምፃችሁ ሳይጮህ፣ ሳይለማመጥም።

በሉ አሁን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዳችሁ ካፒቴን ሁኑ።