ገበጣና ኮምፒዩተር
የቪዲዮ ጨዋታ ፕሮግራም አዘጋጅ ሊኖረው ስለሚገባ ችሎታ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ገበጣ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የቆየ ጨዋታ ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ ወይም እንጨት ተፈልፍሎ፣ ጠጠር እየተዘራ ይጫወቱታል። ሕጉን ልጅ ከታላቁ እያየ ይማረዋል እንጂ ተጽፎ አይሰጠውም። እንግዲህ አንድ ወጣት ይህን ጨዋታ በስልክ ላይ ላውለው ብሎ ቢነሣ፣ የመጀመሪያው ችግር የሚገጥመው ከመሣሪያው ሳይሆን ከራሱ ዕውቀት ነው። አውቀዋለሁ ብሎ የኖረውን ጨዋታ አሟልቶ መናገር ያቅተዋል።

ለምሳሌ ሁለት ረድፍ ያለው፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም አራት ጠጠር የሚደረግበት ዓይነት ይወሰድ። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አንሥቶ አንድ በአንድ ይዘራል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር ሌላ ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ከወደቀች ያንን አንሥቶ ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ከገባችስ? በመካከል አራት የሞላውን ጉድጓድ የሚበላው ማን ነው፤ የዘራው ወይስ የጉድጓዱ ባለቤት? አንዱ ወገን ጠጠር ቢያልቅበት የቀረው ለማን ይሆናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ መንደር የሚሰጠው መልስ ከሌላው ይለያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ሲያቀርቡ የታየውም ይኸው ብዛት ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። እየተነሣ የሚዘራው ጠጠር አንዳንድ ጊዜ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሰው መካከል ሲሆን እጅ ይደክማል፣ ሽማግሌ ይፈርዳል፣ ይሣቃልም። ኮምፒዩተር ግን አይደክመውም፣ አያፍርምም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ሲዘራ ያድራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው የገበታው አቀማመጥ ተደግሞ እንደሆነ የሚያይበትንና ጨዋታውን የሚያቆምበትን ሕግ አስቀድሞ ማበጀት አለበት። ሰዎች ሳይናገሩት የሚግባቡበትን ነገር ፈልቅቆ አውጥቶ፣ ምንም ለማያውቅ መሣሪያ ሳያጓድሉ መንገር ከሁሉ የሚቀድም ችሎታ ነው። ቋንቋው ሲ ፕላስ ፕላስ ይሁን ወይስ ሲ ሻርፕ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሒሳብ ደግሞ አለ። ሰው ከስልኩ ጋር እንዲጫወት ከተፈለገ ስልኩ ወደፊት ማየት ይኖርበታል። ተጫዋች በተራው ቢበዛ ስድስት ምርጫ ቢኖረው፣ ስምንት ተራ ወደፊት ለማየት እስከ 1,679,616 መንገድ መመርመር ያስፈልጋል። ርካሽ ስልክ ይህን ሁሉ ሲያሰላ ሰውየው ተሰላችቶ ይነሣል። በመሆኑም የማይጠቅመውን ቅርንጫፍ ሳይመረምሩ የሚቆርጡበትን፣ አልፋ ቤታ የሚባለውን ስልት ማወቅ ግድ ነው። ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች የሚያደርገው ይህንኑ ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ገበጣ መቻል ሒሳብ መቻልን አይተካም፤ ከገጠር የሚመጣውን ተማሪ በዚህ ማሞገስ እርሱን መሸንገል ይሆናል።

ገበጣ ተራ የሚጠበቅበት ጨዋታ ስለሆነ በጊዜ ረገድ ይምራል፤ የሚሮጥና የሚዘል ጨዋታ ግን አይምርም። ገበጣን ለስልክ ካዘጋጁት አንዱ የሆነው፣ በአዲስ አበባ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ገደማ «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታ አውጥቷል፤ በዚህም አንዲት ዶሮ ከአሳዳጇ ለማምለጥ ትሮጣለች። እንዲህ ባለው ጨዋታ ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት የተጫዋቹ ጣት ይነበባል፣ የዶሮዋ ቦታ ይሰላል፣ ከእንቅፋቱ ጋር መጋጨት አለመጋጨቷ ይፈተሻል፣ ሥዕሉም ይሣላል። ዝላዩን በእውነተኛው ጊዜ ሳይሆን በሥዕሉ ቁጥር ያሰላ ሰው፣ ውድ ስልክ ላይ ዶሮዋን ያበርራታል፤ ርካሹ ላይ ደግሞ እንደ ታመመች ያንቀራፍፋታል። በበዓታ አቋቋም የተማረ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ከዜማው ጋር ካልገጠሙ ስሕተቱ ወዲያው ይሰማል።

እርግጥ ጉድለት የተባረከበት ጊዜ አለ። ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ጠላቶቹ እየተመቱ ባነሱ ቁጥር የቀሩት ይፈጥኑ ነበር፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ የሚሥለው ስለሚቀልለት ነው። ኒሺካዶ ጨዋታውን እንዳጣፈጠው አይቶ እንዳለ ተወው። እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉ አይደርስም።

የፋሲልን ግንብና የሰሜንን ተራራ አሣምሮ መሣል ለጎንደር ልጅ የመጀመሪያው ምኞት ቢሆን አይነቀፍም። ሆኖም ግንቡ ተሥሎ አልቆ በውስጡ የሚደረገው ነገር ያልታሰበበት ጨዋታ ብዙ ነው። በካሬና በክብ ተሥሎ የማያዝናና ጨዋታ በግንብ አጥር ቢከበብም አያዝናናም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በኢንፎርማቲክስም ያስተምራል። የጨዋታ ሥራን ግን አብዛኛው ወጣት የሚማረው በራሱ ጥረት ነው፤ እዚህ ላይ በሌላ አገር መጻሕፍት የማይጠቀስ ችሎታ ይጠየቃል። በ2023 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱን በኢንተርኔት ቪዲዮ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው በእንዲህ ያለው ጊዜ ከመቆም ሌላ ምርጫ የለውም። በአንጻሩ እንደ ጎዶት ያለውን ነጻና ትንሽ መሣሪያ ከነመመሪያው ቀድቶ ያስቀመጠ፣ እንግሊዝኛውን መመሪያ በትዕግሥት ማንበብ የለመደ፣ የሥራውን ታሪክ በጊት በገዛ ኮምፒዩተሩ የሚመዘግብ ሰው ሥራውን ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋበትም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው።

የተዘጋጀው ገበጣ መጨረሻ የሚፈተነው በአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ዳባት ገበያ አጠገብ፣ በአሮጌ ስልክ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተጫወቱ አባት እጅ ነው። «ልጄ፣ ይኼማ የእኛ ገበጣ አይደለም» ያሉት እንደሆነ ተቀምጦ የእርሳቸውን ሕግ መጠየቅና መጻፍ ይገባዋል። ሕጉ ከሥዕሉ ተለይቶ የተጻፈ ከሆነ ማስተካከያው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ተደባልቆ የተጻፈ ከሆነ ግን ሁሉን አፍርሶ እንደገና ከመጀመር አይለይም።