ስጦታው ከየት መጣ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።



ምርጫ በቀረበ ቁጥር በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሣሪስ እስከ ጀሞ፣ ፖስተር ይለጠፋል፤ ድምጽ ማጉያ የጫነ መኪና ይዞራል፤ ካናቴራ ይታደላል። ለመስጂድ ምንጣፍ፣ ለኢፍጧር ተምር የሚልክ ዕጩም አይጠፋም። ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚሆን ነው። ታዲያ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ለሙስሊም ይገባዋልን? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለን ሰው ከበኒ ሱለይም ጎሣ ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ንብረቱን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ለሙስሊሞች የተሰበሰበ፣ ሌላው ግን ለእርሱ በስጦታ የተሰጠው መሆኑን ተናገረ። ረሱልም በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁት። ከዚያም ሚንበር ላይ ወጥተው ሕዝቡን አስጠነቀቁ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰውየው ምንም አልደበቀም፤ የተቀበለውን በግልጽ አሳውቋል። ማሳወቁ ብቻ ግን አላዳነውም፤ ስጦታው ለምን እንደተሰጠው ተመረመረ። ማስታወቅ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ኸሊፋው ዑመርም (ረ.ዐ.) ገዥዎችን ሲሾሙ ሀብታቸውን አስቀድመው ይመዘግቡ፣ ከሹመት በኋላ የበዛውንም ከፊሉን ወደ በይተል ማል ይመልሱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል።

የአገራችን ሕግም ለዚህ በር ከፍቷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተመራጮችና ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድሱ ያዛል፤ መረጃውን ማየት የሚፈልግ ሰውም በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ ፓርቲዎች ሒሳባቸውን አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ተቋምና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ መቀበልንም ይከለክላል። እንግዲህ የመስጂድ ሣጥን ገንዘብ ለማንም ፓርቲ መዋል የለበትም ማለት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ ለፓርላማም ለከተማው ምክር ቤትም ድምጹን ሰጥቷል። ድምጽ አማና ነው፤ አማና የሰጠ ሰው ሒሳብ መጠየቅ አለበት። ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ሰጠ? ስንት ሰጠ? ለምን ዋለ? በሪፖርቱ የሰፈረውንም በሰፈራችን ካየነው ጋር እናስተያየው። ስብሰባ የተደረገበት አዳራሽ ኪራይ በሒሳቡ ውስጥ ከሌለ፣ አዳራሹን በነጻ የሰጠ ሰው አለ ማለት ይሆናል። ያ ሰው ማነው? ነገስ ምን ይጠይቃል?

«ይህ መጥፎ ጥርጣሬ አይሆንም ወይ?» የሚሉ አሉ። በእርግጥ ቁርኣን መጥፎ ጥርጣሬንና የሰውን ነውር መሰለልን ከልክሏል። የሕዝብን አደራ የያዘ ሰው ሒሳብ ግን የግል ገመናው አይደለም። ሰነድ ሳያዩ «ሌባ ነው» ማለት ቡህታን ነው፤ ሰነዱን አምጣ ማለት ግን አማናን መጠበቅ ነው። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ በየወሩ ሒሳቡን ሲያነብ ማን ተሰደበ ይላል?

ደግሞም ከራሳችን እንጀምር። የመስጂድ ኮሚቴ ገቢና ወጪውን በግልጽ ይለጥፍ። ከዕጩ የመጣ ምንጣፍ ካለም ከመዘርጋቱ በፊት ይጠየቅ፤ ያ ሰው ባይወዳደር ኖሮ ይልከው ነበርን? ለአላህ ብሎ የሰጠ በጥያቄው አይቀየምም። ለድምጻችን ብሎ ከሆነ ግን ምንጣፉ ይመለስለት፤ በእርሱ ላይ ከመስገድ በባዶ ሰሌን መስገድ ይሻለናል።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።