የመጽሐፍ ርእስ ለማን ይጻፋል?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ሠራተኛ ከመጽሐፍ ጋር ብዙ ጊዜ የሚገናኘው በመጻሕፍት መደብር ውስጥ ሳይሆን በታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። አዟሪው መጻሕፍቱን በክንዱ ደርድሮ ሲያልፍ ተሰላፊው ገልጦ ለማንበብ ፋታ የለውም፤ የሚያየው ሽፋኑንና ርእሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ርእስ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምስክር ነው። ይህ ምስክር በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠና ዛሬ ማንን እንደ ዘነጋ ማመልከት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

በጥንቱ የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ርእስ የመጽሐፉን ዓይነት አስቀድሞ ይናገር ነበር። ገድል፣ ድርሳን፣ ተአምር፣ ዜና የሚሉት ቃላት አንባቢው ምን እንደሚጠብቀው ያስታውቁታል። የማተሚያ መሣሪያ ከመጣ በኋላም ልማዱ ወዲያው አልተቋረጠም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የሚለው መጠሪያ የጸናለት በኋላ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. የታተመው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሥራም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይባላል። ገዢው የሚገዛውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ርእስ ይዘትን መንገር ትቶ ስሜትን መቀስቀስ ያዘ። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም.፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲወጡ ርእሶቻቸው ራሳቸው የሕዝብ አነጋገር እስከ መሆን ደረሱ። አብዮቱም የራሱን ቃላት ይዞ መጣ፤ የበዓሉ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የዘመኑን ቋንቋ በርእሱ ይመሰክራል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ደግሞ በአንዲት ቃል ተጠርቶ ወጣ፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን ካስቀረ ወዲህ የኅትመቱ ዓለም ሰፋ። ይሁን እንጂ ሸክሙ ብዙ ጊዜ በደራሲው ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ የማተሚያውን ዋጋ የሚከፍለውም፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ የሚያደርሰውም እርሱ ራሱ ሆነ። ገንዘቡን ለኪሳራ ያጋለጠ ሰው በተሸጠው መጽሐፍ ፈለግ መሄዱ አያስደንቅም። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በመዝገበ ቃላት በማይገኝ ርእስ ብዙ አንባቢ ከሳበ በኋላ፣ እንዲህ ያሉ አዲስ የተፈጠሩ ቃላት ሽፋን ላይ መታየታቸው የተለመደ ሆነ። በሌላ ወገን በውቀቱ ስዩም በ2008 ዓ.ም. «ከአሜን ባሻገር» ብሎ ሲሰይም የቀድሞውን ዝነኛ ርእስ አንባቢው እንዲያስታውስ በመተማመን ነው። ከእነዚህ ጎን ስኬትን፣ ሀብትንና የአእምሮ ኃይልን የሚሰብኩ ትርጉሞች ተደርድረዋል።

ይህን ሁሉ እንደ ጥፋት መቍጠር አይገባም። ልብ ወለድ ሊደብቅ ይፈቀድለታል፤ አንባቢውም መደበቁን ይወድለታል። ችግሩ ያለው በአዟሪው ክንድ ላይ እምብዛም በማይታየው መጽሐፍ ዘንድ ነው።

ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በቡራዩና በሱሉልታም ግንባታ በየአቅጣጫው ይታያል። በዚያ ፌሮ የሚያስረው፣ አርማታ የሚሞላው፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የተማረው ከታላቁ በማየት ነው። አርማታው በቀላሉ እንዲፈስለት ውሃ የሚጨምር ሠራተኛ ጥንካሬውን እየቀነሰ መሆኑን የሚነግረው መጽሐፍ በቋንቋው ያስፈልገዋል። የተሞላው አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ሳይለየው መቆየት እንዳለበትም እንዲሁ። ይህ እውቀት በመሐንዲሱ መደርደሪያ በእንግሊዝኛ ተቀምጦ ሳለ፣ በምሰሶው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ቋንቋ አይለይም።

የቃላት እጦት ምክንያት ሊሆን አይችልም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። የጎደለው ቃላቱን ወደ ሥራ ቦታ የሚያወርድ ጸሐፊ ነው። ከዚህም ጋር፣ በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ በእነዚህ ከተሞች በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ለሥራ የደረሰ ትውልድ አለ። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ስለዚህ መመሪያው በሁለቱም ቋንቋዎች መዘጋጀት ይኖርበታል።

ርእሱስ ምን ይሁን? መልሱን ሰበታ ራሷ ትሰጣለች። በዚያች ከተማ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል በጣቱ ለሚያነብ ተማሪ የሽፋን ሥዕልና የቀለም ድምቀት ምንም አይነግሩትም፤ ርእሱ በቃሉ ብቻ ራሱን መግለጽ አለበት። ለሙያ መጽሐፍም የሚበጀው መለኪያ ይኸው ነው። «አርማታ እንዴት ይቦካል፣ እንዴትስ ውሃ ይጠጣል» የሚል ርእስ ያላት ትንሽ መጽሐፍ በታክሲ ሰልፍ ላይ ብትታይ፣ ግንበኛው ለእርሱ የተጻፈች መሆኗን ሳይገልጣት ያውቃል።

እንግዲህ ማኅበሩ በየዓመቱ አንዲት እንዲህ ያለች መጽሐፍ በአባላቱ እጅ አስጽፎ፣ ርእሷን ከማተሙ በፊት ለአንድ ግንበኛና ለአንድ ፌሮ ሠራተኛ አንብቦ ቢፈትን፣ ከዚያም ዋጋዋን በቀን ሠራተኛ አቅም ወስኖ ለአዟሪዎች ቢያስረክብ፣ የኅትመቱ ገበያ ብቻውን ሊሞላው ያልቻለውን ክፍተት መሙላት ይጀምራል። ሥራው የአንድ ዓመት በጀትና የጥቂት ፈቃደኛ አባላት ምሽቶች የሚጠይቅ ነው፤ የሚያስገኘው ጥቅም ግን በየፎቁ ሥር ለሚያድሩት ሁሉ ነው።