ጆሮ ሲከብድ፤ ምርመራው፣ መሣሪያውና ኢንሹራንሱ
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን በግልጽ የማይነሣ ነው፤ ይኸውም በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ችግር ነው። እዚህ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 ከሚሆን ሰዎች ከሦስቱ አንዱ፣ ከ75 በላይ ካሉት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። ቀስ እያለ በሁለቱም ጆሮ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ቶሎ አያውቀውም። በመጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ «ሰ»ን፣ «ፈ»ን፣ «ተ»ን የመሳሰሉት ያመልጣሉ። ስለዚህ እማማ «ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይገባኝም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። መጮኽም ብዙ አይረዳም። የልጅ ልጆች ድምፅ ቀጭን በመሆኑ ከሁሉ በፊት የሚያመልጣቸው እሱ ነው፤ «ምን አልክ?» ማለት ሲሰለቻቸው ዝም ብለው ጥግ ይይዛሉ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ይያቸው። ኩክ የደፈነው ጆሮም አይሰማም፤ እሱ በጥቂት ደቂቃ የሚጸዳ ነገር ነው። አንድ ጆሮ በአንድ ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ቢዘጋ ግን እርጅና ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ መድኃኒቱ የሚረዳው ቶሎ ከተጀመረ ስለሆነ በዚያው ቀን መሄድ ነው። በዕድሜ የመጣውን የሚመልስ ኪኒንም ጠብታም የለም። «ያድናል» እየተባለ የሚሸጥ ጠብታ ብታዩ አትግዙ።

እንግዲህ ወደ ኢንሹራንሱ እንግባ። ብዙ ሰው «ሜዲኬር አለኝ፣ መስሚያውን ይከፍልልኛል» ይላል። አይከፍልም። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ1965 ሲታወጅ የመስሚያ መሣሪያ በሕጉ ከሽፋን ውጭ ተደርጓል፤ ዋናው ሜዲኬር እስካሁን ያው ነው። ፓርት ቢ ሐኪም ላዘዘው ምርመራ ይከፍላል፤ ለዚያውም የዓመቱ ዲዳክቲብል (እ.ኤ.አ. በ2025 257 ዶላር ነበር) ካለቀ በኋላ 80 በመቶውን እሱ፣ 20 በመቶውን እኛ። መስሚያ ለማይረዳቸው በቀዶ ጥገና የሚገባውን ኮክሊያር ኢምፕላንት ደግሞ ይሸፍናል። ትንሹን ትቶ ትልቁን መክፈል ምን ይሉታል? ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት የግል ፕላኖች ብዙዎቹ «የጆሮ ጥቅም አለን» ይላሉ። እዚህ ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓመት ስንት ዶላር ነው? ለአንድ ጆሮ ነው ለሁለቱ? የትኛው መርማሪ ዘንድ? መሣሪያውን ማስተካከሉስ አለበት? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው በልጆቻቸው አመልካችነት በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው 65 ቢሞላም፣ እሳቸው ወይም ባለቤታቸው እዚህ አገር በቂ ዓመታት ሠርተው ካልከፈሉ፣ ሜዲኬር ለመግባት አምስት ዓመት ሳያቋርጡ መኖር አለባቸው። የልጅ ሥራ አይቆጠርም። ሜዲኬይድም ለአብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ መስሚያ መሸፈኑም በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በዚህ መሐል ላሉ ወላጆች እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ቢያንስ የኩኩና የሐኪሙ ነገር እዚያ ይታያል።

ዋጋውስ? በመርማሪ ተለክቶ የሚሰጥ ጥንድ መስሚያ ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ግን ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መስሚያ ተፈቅዷል፤ በጥቂት መቶ ዶላር ጥንድ ይገኛል። ይህ ለአዋቂዎች፣ ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ብቻ ነው። ጆሯቸው በጣም ለከበደ ሰው እሱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በእኛ አስተያየት ተራው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ምርመራው፣ ከዚያ የውጤቱን ወረቀት ግልባጭ መያዝ፣ ከዚያ ገበያ። ያለ ማዘዣ የሚገዛውን ካርቶን አንብቡ፤ ዕቃው ተመላሽ መሆን አለመሆኑ በላዩ መጻፍ ግዴታ ነው። እናታቸውን በታክስ ሥራቸው ጥገኛ አድርገው የሚያስመዘግቡ ልጆች፣ ኤች ኤስ ኤ የሚባለው የጤና ቁጠባ ካላቸው፣ መስሚያውንም ባትሪውንም ከዚያ መክፈል ይችላሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። በምርመራው ጊዜ «ጢ» የሚለውን ድምፅ መስማት ቋንቋ አይጠይቅም። ሁለተኛው ክፍል ግን የእንግሊዝኛ ቃላት አሰምቶ «ድገሚ» ማለት ነው። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናት ቃሉን ቢስቱ ጆሯቸው ነው ወይስ ቋንቋው? ይህ በውጤቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» በሉ። የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አይሁን፤ አያት ለልጅ ልጃቸው ሁሉን አይናገሩም።

የፕላን መለወጫው ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከማኅበራችን ስብሰባ በኋላ ደብዳቤ ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች አብረውን ይቀመጣሉ። የሜዲኬር ካርዳችሁን፣ ከፕላኑ የመጣውን ደብዳቤና የምርመራ ወረቀት ካላችሁ እሱንም ይዛችሁ ኑ። መምጣት ላቃታቸው ጎረቤት ይንገረን፤ ቤታቸው እንሄዳለን፤ በሩን ግን ጠንከር አድርገን ስለምናንኳኳ አትደንግጡ።