ለሳሎናችን የትኛው ቴሌቪዥን?

ቴሌቪዥን ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ሦስት ተቀራራቢ ስሞች ይጠብቋችኋል፦ ኤልኢዲ፣ ኪውኤልኢዲ እና ኦኤልኢዲ። መቀራረባቸው ያሳስታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ኤልሲዲ ሲሆኑ ምስሉ የሚደምቀው ከጀርባው በተተከሉ መብራቶች ነው። ሳምሰንግ በ2017 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው «ኪውኤልኢዲ» የሚለው ስም ቀለሙን የሚያጠራ ስስ ንጣፍ መጨመሩን እንጂ ፍጹም አዲስ ስክሪን መሆኑን አያመለክትም። ኦኤልኢዲ ግን ከሥሩ ይለያል፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፣ ራሷም ትጠፋለች። ጥቁሩ ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምርጡ እሱ አይደለም ወይ? ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ፣ አዎ። በብዙ ቤታችን ግን ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ነው፤ ቢያዩትም ባያዩትም እንደተከፈተ ይውላል፣ የጣቢያውም አርማ ከጥጉ አይነቃነቅም። ብርሃን በበዛበት ክፍል የጥቁሩ ብልጫ እምብዛም አይታይም። ለዓመታት አንድ ቦታ የቆመ አርማ ደግሞ የኦኤልኢዲን ነጥቦች እኩል ባልሆነ መጠን ስለሚያደክማቸው ጥላው ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። አምራቾች ምስሉን በጥቂቱ የሚያንቀሳቅስ መከላከያ ጨምረው የለም ወይ የሚል ይኖራል። ጨምረዋል፤ ችግሩን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚከፈት የሳሎን ቴሌቪዥን ደህና ኤልሲዲ ይሻላል። በሱቁ ማሳያ ድምቀት አትመኑ፣ ሆን ተብሎ የተጋነነ ነው፤ ይልቅ የጀርባ መብራቱ በስክሪኑ ቦታ በቦታ ተለይቶ የሚደበዝዝ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ጠይቁ።