ባይዊክሊ፣ ፎርትናይትሊ እና የልደታ ዕለት ቀጠሮ
(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ ዕለት፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለሽ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ታወራለች ብለው ይሆናል። እኔ ግን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ላወራ ነው የመጣሁት። አትሳቁ፤ ሰው ጎድቼበታለሁ።

ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የተመደብኩት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። አንድ ወጣት የአእምሮ ሕመምተኛ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ጀመርንለት። እንደምታውቁት በጡንቻ የሚሰጥ፣ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቅ መርፌ ነው። ቤቱ ሩቅ ስለነበር ሰፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲወጋው ወረቀት ጻፍኩለት፦ «25 ሚሊግራም፣ ባይዊክሊ»። በሁለት ሳምንት አንዴ ማለቴ ነበር። በዚያች ቃል በጣም ኮርቼ እንደነበር አልደብቃችሁም፤ አንድ መጽሐፍ ላይ አይቻት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ ደግፎ ይዞት መጣ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ እርምጃው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው። ሁለት መርፌ መውሰድ የነበረበት ልጅ ስድስት ወስዷል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሲስተር በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። «ዶክተር፣ ቢ.አይ.ዲ. በቀን ሁለቴ አይደል? ባይዊክሊስ ታዲያ በሳምንት ሁለቴ አይሆንም?» አሉኝ፣ ቁጣም ሳይኖራቸው።

ምን ልመልስ? ትክክል ነበሩ። ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ሁለቱም ፍቺ አለ! በሳምንት ሁለት ጊዜም፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም። በአራት እጥፍ የሚለያዩ ሁለት ትእዛዞች አንድ ቃል ውስጥ ተኝተዋል። እንግሊዝኛ ለዓመት ሲሆን ነገሩን ለይቶታል፦ ባይአኑዋል በዓመት ሁለቴ፣ ባይኤኒያል በሁለት ዓመት አንዴ። ለሳምንትና ለወር ግን እንዲሁ ተወው። ባይመንዝሊም ያው ነው።

መርፌውን አቁመን ቤንዝሄክሶል ሰጠነው። ግን ዲካኖኤት አንዴ ከገባ ተመልሶ አይወጣም፤ እስኪያልቅ ሳምንታት መጠበቅ ነው። ልጁ ቀስ በቀስ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ግን መርፌ የሚባል ነገር እንቢ አለ። ወንድሙ ጥቂት ጊዜ ለምኖ አመጣው፣ በኋላ እሱም ቀረ። እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ አላውቅም።

እንግሊዞች ለዚህ ነገር የማያሻማ ቃል አላቸው፦ ፎርትናይትሊ። አሜሪካኖች ብዙም አይናገሩትም፣ እኛ ደግሞ የምናነበው አብዛኛው የአሜሪካ መጽሐፍ ስለሆነ ዎርድ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። ትርጉሙ ቃል በቃል «በየአሥራ አራት ሌሊቱ» ነው። የጥንት ጀርመኖች ጊዜን የሚቆጥሩት በቀን ሳይሆን በሌሊት እንደነበር ሮማዊው ታሲተስ ጽፏል፤ ቃሉ የዚያ ልማድ ቅሪት ነው። እኛስ? «የዛሬ አሥራ አምስት ቀን» ነው የምንለው። መነሻውንም መድረሻውንም ስለምንቆጥር አንድ ቀን ይጨምራል። «ሳምንት» ራሱ እኮ ከስምንት ጋር የአንድ ግንድ ልጅ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ ሁለቱን ሰኞዎች ቆጥረን ስምንት።

ታዲያ ይሄ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰኞ ዕለት «በአሥራ አምስት ቀን ተመለሽ» የተባለች፣ ጣቷን አጥፋ የምትቆጥር ሴት ማክሰኞ ትመጣለች። የእኛ ክትትል ክሊኒክ ደግሞ ሰኞ ብቻ ነው። እና «ቀጠሮ አሳልፈሻል» ብለን እንቆጣታለን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «በየወሩ» ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆቻችን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ28 ቀኑ፣ አንዳንዶቹም በየ21 ቀኑ ይወጋሉ። ወረቀቱ ላይ «መንዝሊ» ብለን እንጽፋለን። አንዲት እናት ልጇን ሁልጊዜ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ታመጣለች። አንድ ቀን ምነው ብዬ ጠየቅኋት። «ዶክተርዬ፣ በየልደታው ነዋ! ማርያምን ተሳልሜ ወደ እናንተ እመጣለሁ፤ እንዳልረሳው ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ታማኝ ታካሚ ከየት ይገኛል? አንድም ወር አላጎደለችም። ግን የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ጳጉሜን ስትመጣማ ከነሐሴ ልደታ እስከ መስከረም ልደታ 35 ቀን ይሆናል፣ አንዳንዴም 36። በዚያ ላይ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው፣ ክሊኒኩ ዝግ። መርፌው ደም ውስጥ እየሳሳ የሚሄደው ደግሞ በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ነው። እሷ ያልነውን በትክክል ፈጽማለች። ያልነው ነው ልክ ያልነበረው።

በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን ኪው.ዲ.ንና ኪው.ኦ.ዲ.ን፣ ማለትም «በየቀኑ»ንና «አንድ ቀን እያለፈ»ን፣ በምሕጻረ ቃል እንዳይጻፉ ከልክሏል። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች እንኳ ተሳስተውበታል ማለት ነው። እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ አስረድተን፣ ታካሚው በዘመን መቁጠሪያው ይተረጉመዋል። መንገዱ ረጅም ነው።

እዚህ ያላችሁ መምህራን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪ ባይዊክሊ ብሎ ሲጽፍ ፈተና ላይ ነጥብ ቀንሱበት፤ ፎርትናይትሊ ብሎ ቢጽፍም አትጨምሩለት፣ ጤና ጣቢያ ያሉት ሲስተር ላያውቁት ይችላሉ። «በየ14 ቀኑ አንድ ጊዜ» ይበል፣ ቀጥሎም የሚመጣበትን ቀን በእኛው አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ ይጻፍ።

እኔ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ካላንደር ዘርግቼ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው ቀጠሮ የምሰጠው። ሬዚደንቶቼ «ዶክተር ባሕረ ሐሳብ ጀመረች» ይሉኛል፣ እሰማቸዋለሁ። ካላንደሩ የማኅበራችን ነው፤ የዘንድሮው በር ላይ ይሸጣል፣ ስትወጡ አንድ አንድ ያዙ።