ሙት ቁስ የለም ያለችው አን ኮንዌይ

ለዛሬ የመረጥናት ፈላስፋ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1631 የተወለደችው አን ኮንዌይ ናት። ሴት ዩኒቨርሲቲ በማትገባበት በዚያ ዘመን፣ የካምብሪጁ ሊቅ ሄንሪ ሞር ፍልስፍናን በደብዳቤ አስተማራት።

በዘመኑ ፍልስፍና ታላቁ ስም ዴካርት ነበር። እሱ ዓለምን ለሁለት ከፈላት፤ የምታስብ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ሕይወት የሌለው ቁስ በሌላ ወገን። አን ይህን አልተቀበለችም። ነፍስና ሥጋ በባሕርያቸው ጨርሶ የማይገናኙ ከሆነ፣ ሥጋ ሲጎዳ ነፍስ ስለ ምን ትሠቃያለች? ስትል ጠየቀች። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ ጥያቄ አይመስለኝም። አን ዕድሜዋን ሙሉ በከባድ ራስ ምታት የተሠቃየች ሴት ናት፤ የደምን ዝውውር ያስረዳው ዊልያም ሃርቪ እንኳ ሊፈውሳት አልቻለም።

የሰጠችው መልስ ደፋር ነው። መንፈስና ሥጋ የአንድ ባሕርይ ደረጃዎች ናቸው አለች፤ በረዶና ውኃ አንድ እንደሆኑ ሁሉ፣ ሥጋ የጠጠረ መንፈስ፣ መንፈስም የረቀቀ ሥጋ ነው። እንግዲህ ሙት የሚባል ቁስ የለም። ድንጋዩም አፈሩም ሕይወት አለው፤ ፍጥረት ሁሉ ይለወጣል፣ ወደ በጎነትም ማደግ ይችላል።

አን በ1679 አረፈች። በማስታወሻ ደብተሯ ያሰፈረችው ሐሳብ በ1690 አምስተርዳም ላይ፣ በላቲን ተተርጉሞ፣ ስሟ ሳይጠቀስ ታተመ። ስሟ ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ቢቆይም፣ ጀርመናዊው ሊቅ ላይብኒትዝ ግን ማንነቷን ያውቅ ነበር፤ የራሱ ፍልስፍና ከእሷ ጋር እንደሚቀራረብ በደብዳቤው ጽፏል።